ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት

በዊንዶውስ የሚሠራ የቤት ኮምፒውተር ከፍተን የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ብናይ ሁለት ዓይነት ስሞች እናገኛለን። የመጀመሪያዎቹን እናውቃቸዋለን። የጽሑፍ ማዘጋጃው፣ የፊልም ማጫወቻው፣ ለልጆች የገባው ጨዋታ፤ መርጠን የጫንናቸው እኛው ነን። ሁለተኛዎቹን ጠርተናቸው አናውቅም። «ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 2008 ሪዲስትሪቢዩተብል» ይላል አንዱ፤ ከሥሩ ያው ስም 2010 ተብሎ ይደገማል፤ ከዚያ 2012፣ ከዚያ 2013፤ ብዙውም ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ለ32 ቢት፣ ሌላው ለ64 ቢት። ጃቫ አለ፤ ዶት ኔት አለ። ዴስክቶፕ ላይ ምልክት የላቸውም፤ ልክፈታችሁ ቢሏቸውም የሚከፈት መስኮት የላቸውም። ዲስኩ የሞላበት ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ሲነሣ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደነሱ ነው፤ «ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?» እያለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአጭሩ ይነገራል። እነዚህ ራንታይም ይባላሉ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩት በነሱ ላይ ተደግፈው ነው። ይህችን አጭር መልስ ጠጋ ብለን ስንመረምራት ግን ከኮምፒውተር አልፋ የምትሄድ ሆና እናገኛታለን። አንድ ሥራ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? ሠሪው እጁን ሲያነሣ ነው ወይስ በማያውቀው ሰው ቤት፣ እሱ በሌለበት ሰዓት፣ ሥራው በርግጥ ሲሠራ? ሥራውስ የሚኖረው የት ነው? ራንታይም እነዚህን ጥያቄዎች በየቤቱ በየቀኑ ይመልሳቸዋል፤ መልሱን የምናየው ግን ሲጎድል ብቻ ነው።

ፕሮግራም ዲስክ ላይ ሳለ ፋይል ነው። ፎቶም ፋይል ነው፤ ደብዳቤም ፋይል ነው፤ ሁሉም የዜሮና የአንድ ሰልፍ ናቸው፤ ተቀምጠው ሳሉ አንዱም ምንም አይሠራም። ምልክቱን ሁለት ጊዜ ስንጫን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፋይሉን ከፍቶ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ያነባል። እዚያ ላይ ፕሮግራሙ ለየትኛው ዓይነት ፕሮሰሰር እንደተዘጋጀ፣ የትኛው ክፍሉ ሜሞሪ ውስጥ የት መቀመጥ እንዳለበት ተጽፏል። ማንን ማንን እንደሚፈልግም ተጽፏል፤ ይህኛው የስም ዝርዝር ነው። እገሌ ከሚባለው ላይብረሪ (የተዘጋጁ ተግባሮች ስብስብ) ይህን ተግባር፣ እገሌ ከሚባለው ያንን ይላል። ሲስተሙ ዝርዝሩን ይዞ እያንዳንዱን ይፈልጋል፤ ያገኘውን ሜሞሪ ውስጥ ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ክፍት ተትቶ የቆየውን ቦታ በትክክለኛው አድራሻ ይሞላል። ከዝርዝሩ አንድ ስም ቢጎድል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ብዙ ሰው የሚያውቀው መስኮት ይወጣል፤ ኤምኤስቪሲፒ140 ዲኤልኤል የሚባል ፋይል ስላልተገኘ መቀጠል አልተቻለም ይላል። ፕሮግራሙ ከፊታችን አለ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለውም፤ ነገር ግን አይነሣም።

ሁሉም ተሟልቶ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ የሚፈጸመው ትእዛዝ የጸሐፊው አይደለም። ሲ የሚባለውን ቋንቋ የሚማር ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ፕሮግራም የሚጀምረው «ሜይን» ከሚባለው ቦታ ነው የሚል ነው። ለጸሐፊው እውነት ነው፤ ለማሽኑ ግን አይደለም። ከሜይን በፊት የራንታይሙ የመነሻ ክፍል ይሠራል። ሜሞሪ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት ያዘጋጃል፤ ጸሐፊው መነሻ ዋጋ የሰጣቸውን ነገሮች በየቦታቸው ያስቀምጣል፤ ጽሑፍ የሚገባበትንና የሚወጣበትን መንገድ ይከፍታል፤ ፕሮግራሙ ሲጠራ አብሮ የተሰጠውን መልእክት ለቅሞ ያደራጃል። ይህን ጨርሶ ሜይንን ይጠራል። ሜይን ሥራውን ሲፈጽም ደግሞ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ጠራው ነው። ራንታይሙ ለመጻፍ ወረፋ ይዞ የቆየውን ጽሑፍ ወደ ፋይሉ ይገፋል፤ የተከፈተውን ይዘጋል፤ የመጨረሻዋን ቁጥር ለሲስተሙ አስረክቦ ይወጣል። ጸሐፊው መጀመሪያ ብሎ የጻፈው መካከል ነበር፤ መጨረሻ ያለውም እንዲሁ።

ይህ የእኛም ታሪክ ነው። ማናችንም የመጀመሪያውን ቃል ስንናገር ቋንቋው ቀድሞን ነበር፤ ቃሉን ሰምቶ የሚመልስ ሰውም ነበር። ነገር የጀመርነው እኛ የሚመስለን ያዘጋጀልን ሥራውን ጨርሶ ከዓይናችን ስለሚርቅ ነው። በደንብ የተሠራ መሠረት ምስጋና አያገኝም፤ አለመታየቱ የጥሩነቱ ምልክት ሆኖበታል።

ራንታይሙ በመካከሉም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ፕሮግራም 365 የሚለውን ቁጥር ስክሪን ላይ እንዲያሳይ ጸሐፊው አንድ መስመር ይጽፋል። ቁጥሩ ግን ሜሞሪ ውስጥ ያለው በሁለትዮሽ ነው፤ ሦስት፣ ስድስት፣ አምስት የሚባሉ ምልክቶች እዚያ የሉም። ስለዚህ ከራንታይሙ ጋር የመጣው ላይብረሪ ቁጥሩን ለአሥር ያካፍላል፤ 36 ደርሶ 5 ይተርፋል፤ አምስትን ይይዛል። 36ን ለአሥር ያካፍላል፤ 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። 3ን ያካፍላል፤ ዜሮ ደርሶ 3 ይተርፋል። የተገኙት ምልክቶች የመጡት ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሦስት። ይገለብጣቸዋል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ የመቀነስ ምልክት ያስቀድማል፤ ሰልፉን ለሲስተሙ ያስረክባል። ጸሐፊው ስለዚህ አንዳች አላሰበም። ማሰብ የሌለበትም አንድ ሰው አስቀድሞ በጥንቃቄ አስቦለት ስለሄደ ነው። አለማሰብ መቻል ከሌላ ሰው ሐሳብ የተገኘ ስጦታ መሆኑን ይህች ትንሽ ስሌት ታሳያለች።

ይህን የመሰለውን ሁሉ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለየብቻው ይዞ ቢዞር ተመሳሳይ ነገር በየቦታው ይከማች ነበር። ስለዚህ የጋራ ተደረገ። ነገሩ እንደ እድር ዕቃ ነው። በሰፈሩ ያለው ቤት ሁሉ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አይገዛም፤ እድሩ ገዝቶ በዕቃ ቤት ያስቀምጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ያወጣል። በኮምፒውተሩም የላይብረሪው አንድ ቅጂ ሜሞሪ ውስጥ ከገባ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ሰዓት ያንኑ ቅጂ ይጠቀማሉ። አንዱ ድንኳን ግን በአንድ ቀን ሁለት ሐዘን ቤት አይተከልም፤ የላይብረሪው ኮድ ሲነበብ ስለማያልቅ ማንም ማንንም አያስጠብቅም።

የጋራ ነገር የጋራ አደጋም አለው። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ላይብረሪዎቻቸውን ወደ አንድ የጋራ ፎልደር ይጥሉ ነበር። አዲስ የመጣው ፕሮግራም በዚያ ያገኘውን ላይብረሪ አንሥቶ በራሱ ይተካዋል፤ ስሙ አንድ ነው፤ ዕትሙ ግን ይለያያል። በማግስቱ ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ሌላ ፕሮግራም አልከፈት ይላል። እነዚህ ላይብረሪዎች በዊንዶውስ ዲኤልኤል ስለሚባሉ ባለሙያዎች ያን ጊዜ የዲኤልኤል ሲኦል ብለው ነበር የጠሩት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የቆመው ፕሮግራም አልተነካም። ፋይሉን ትናንት ከነበረው ጋር ባይት በባይት ብናስተያየው ልዩነት አናገኝም። በራሱ ላይ ምንም ሳይለወጥ ግን ትናንት የነበረውን መሆን አልቻለም። እንግዲያው ትናንት የነበረው ነገር ምን ነበር? ፋይሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም በሠራ ነበር። ፕሮግራም ብለን የጠራነው ነገር ከመጀመሪያውም ፋይሉ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በፋይሉና በተደገፈበት መካከል ያለ ስምምነት ነበር፤ ስምምነቱ ሲፈርስ ፋይሉ ቀረ፣ ፕሮግራሙ ሄደ።

መፍትሔው ዕትሞቹ ጎን ለጎን እንዲኖሩ መፍቀድ ሆነ። ከ2001ዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ አንድ ላይብረሪ በተለያየ ዕትም ተቀምጦ እያንዳንዱ ፕሮግራም የለመደውን እንዲያገኝ የሚያደርግ ሥርዓት መጣ። ዝርዝራችን ውስጥ 2008፣ 2010፣ 2012 እያሉ የሚደረደሩት ስሞች የዚያ ውሳኔ ቅሪት ናቸው፤ እያንዳንዱ ዓመት በዚያን ጊዜ መሣሪያ ለተሠሩ ፕሮግራሞች የተገባ ቃል ነው። ከ2015 ጀምሮ የወጡትን ማይክሮሶፍት እርስ በርስ እንዲስማሙ ስላደረጋቸው 2015፣ 2017፣ 2019 እና 2022 በአንድ ጥቅል ተጠቃለዋል። 32 ቢትና 64 ቢት ተለያይተው የሚጫኑትም አንዱ ዓይነት ፕሮግራም የሌላውን ዓይነት ላይብረሪ በውስጡ መጫን ስለማይችል ነው። ዝርክርክ የሚመስለን ዝርዝር ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚስማማውን ያስቀመጠ ታማኝ መዝገብ ነው።

እስካሁን ያልነው ፕሮግራሙን ስለሚያግዝ ራንታይም ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይጠልቃል፤ እሱ ራሱ ማሽን ነው። ሥሩ እስከ 1936 ይደርሳል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በዚያ ዓመት ባቀረበው ጽሑፍ የማንኛውንም ማሽን መግለጫ አንብቦ እንደዚያ ማሽን መሥራት የሚችል አንድ ማሽን ሊታሰብ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በኋላ በማሽንና በጽሑፍ መካከል ያለው ድንበር ሳሳ። ማሽን በጽሑፍ ሊገለጽ ከቻለና ጽሑፉን የሚያነብ ሌላ ማሽን እንደሱ ሊሆን ከቻለ፣ ብረት ሆኖ የማያውቅ ማሽን ሊኖርና ሊሠራ ይችላል።

ጃቫ ይህን ሐሳብ ወደ ቤታችን ያመጣ ሥራ ነው። ጀምስ ጎስሊንግና የሥራ ጓደኞቹ በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ሥራውን ሲጀምሩ 1991 ነበር፤ ያሰቡትም ለቤት ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ነበር። ዕቃዎቹ የተለያየ ፕሮሰሰር ስላላቸው ለእያንዳንዱ ለየብቻ መጻፍ አድካሚ ሆነ። ስለዚህ የጃቫ ፕሮግራም ወደ ማንኛቸውም ፕሮሰሰሮች ቋንቋ በቀጥታ አይተረጎምም፤ በሐሳብ ብቻ ወደተነደፈ ማሽን ቋንቋ ይተረጎማል። ያ ቋንቋ ባይትኮድ ይባላል። በእያንዳንዱ እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያን የሐሳብ ማሽን ሆኖ የሚጫወት ራንታይም ይቀመጣል። ቋንቋው በ1995 ለሕዝብ ሲቀርብ መፈክሩ አንዴ ጻፍ፣ በየትም አሂድ የሚል ነበር።

ራንታይሙ ባይትኮዱን እንዴት እንደሚቀበለው ማየት ይገባል። ከጃቫ ጽሑፍ የሚወጣው እያንዳንዱ የክላስ ፋይል በአራት የታወቁ ባይቶች ይጀምራል፤ በሄክሳዴሲማል ሲጻፉ በላቲን ፊደል «ካፌ ቤብ» ተብለው ይነበባሉ። ራንታይሙ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው፤ ከሌሉ ፋይሉን አይቀበልም። ካሉም ወዲያው አያምንም፤ መርማሪው ክፍል ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ይመረምራል፤ ቁጥርን እንደ አድራሻ የሚጠቀም፣ ያልተቀመጠ ነገር ሊያነሣ የሚሞክር ካለ ገና ሳይሠራ ይይዘዋል። ከዚያ ማስኬድ ይጀምራል። ሆትስፖት የሚባለው በ1999 የወጣው የጃቫ ራንታይም መጀመሪያ እያንዳንዱን ትእዛዝ እየተረጎመ ይፈጽማል፤ እግረ መንገዱን ይቆጥራል፤ ተደጋግሞ የሚጠራውን ክፍል ለይቶ በፊቱ ወዳለው እውነተኛ ፕሮሰሰር ቋንቋ በጥራት ይለውጠዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ሲቆይ ይፈጥናል። ማሽኑ የሚተጋው አስቀድሞ በተነገረው ላይ ሳይሆን በተግባር በተደጋገመው ላይ ነው።

«በየትም» የሚለው ቃል ግን በነጻ የተገኘ አይደለም። ያ የሐሳብ ማሽን በየትም አለ የሚባለው በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ሰው ለዚያ ፕሮሰሰር፣ ለዚያ ሲስተም ራንታይም ጽፎ ስላስቀመጠ ነው። በየትም የሚሠራው ፕሮግራም ክብሩን ያገኘው ከነዚህ ሥፍራቸው ከታወቀ፣ አንድ በአንድ ከተሠሩ ሥራዎች ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሆን የምንለው ሐሳብም ዕጣው ይኸው ነው። በየቋንቋው የሚተረጉም፣ በየአካባቢው የሚያስተምር፣ ከየዘመኑ ጋር የሚያስማማ ሰው ካላገኘ «ለሁሉ» የሚለው ማዕረግ የወረቀት ማዕረግ ሆኖ ይቀራል።

ዶት ኔት በ2002 ሲወጣ ያንኑ መንገድ ይዞ ብዙ ቋንቋዎችን በአንድ ራንታይም ላይ አስቀመጠ። ጃቫስክሪፕት ደግሞ የሚሠራው በብራውዘሩ ውስጥ ባለ ራንታይም ነው፤ ስለዚህ ምንም አልጫንኩም የሚል ሰው ኮምፒውተር ላይም ራንታይም አለ። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ከ2014ቱ አምስተኛ ዕትም ጀምሮ ኤአርቲ የሚባል ራንታይም በኪሱ ይዞ ይዞራል። ከዚህ ነገር ውጭ የሆነ ቤት ማግኘት አሁን አስቸጋሪ ነው።

ከራንታይም ሥራዎች ሁሉ አሳቢን ሰው አብዝቶ ሊይዘው የሚገባው ግን መርሳት ነው። ፕሮግራም ሲሠራ ሜሞሪ ይወስዳል፤ የወሰደውን ካልመለሰ ሜሞሪው ያልቃል። በሲ የሚጽፍ ሰው የወሰደውን ራሱ መመለስ አለበት። ከረሳ ፕሮግራሙ በቆየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ ከመለሰ በኋላ እንደገና ከነካው ደግሞ አሁን የሌላ የሆነውን ያበላሻል። ጆን ማካርቲ ሊስፕ የሚባለውን ቋንቋ ሲሠራ ይህን ሸክም ከጸሐፊው ትከሻ ላይ አነሣ፤ ዘዴውንም በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ገለጸ። ጃቫና ዶት ኔት የዚያ ዘዴ ወራሾች ናቸው። ባለሙያዎች ጋርቤጅ ኮሌክሽን ይሉታል።

ዘዴው በመሠረቱ እንዲህ ነው። ራንታይሙ አሁን በርግጥ እየተሠራባቸው ካሉት ነገሮች ይነሣል፤ እነሱ ሥሮች ይባላሉ። ከእያንዳንዱ ሥር የሚወጣውን አድራሻ ተከትሎ የሚደርስበትን ነገር «ይህ በሕይወት አለ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ ነገር ወደ ሌሎች የሚወስዱ አድራሻዎች ካሉ እነሱንም ይከተላል። መንገዱ ሁሉ ሲያልቅ ምልክት ያልተደረገበት ቦታ ነጻ ተብሎ ይመለሳል። ራንታይሙ «ይህ ያረጀ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ትልቅነቱን፣ ውድነቱን፣ ሲሠራ የፈጀውን ድካም አይመዝንም። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በሕይወት ካለ ነገር ተነሥቶ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ አለ?

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላውን አድራሻ ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጠቁማል፣ ሌላውም መልሶ ይጠቁመዋል። ከሥር የሚመጣ መንገድ ከሌላቸው ግን እርስ በርስ መተዋወቃቸው አያድናቸውም፤ አብረው ይጠረጋሉ። በተቃራኒው ለማንም የማይጠቅም ነገር፣ አንድ ሕያው ነገር ረስቶ አድራሻውን እስከያዘ ድረስ፣ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ይኖራል። ራንታይሙ ጥቅምን አያውቅም፤ የሚያውቀው መድረስ መቻልን ነው።

ስለ ባህል መጥፋት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ እሳት፣ ስለ ዘረፋና ስለ ምስጥ ነው። እነዚህ አሉ። ይሁን እንጂ ብዙው ነገር የሚሞተው በመጠረግ ነው፤ ወደ እሱ የሚወስደው የመጨረሻው መንገድ ይቆረጣል፣ ከዚያ ማንም ሳያዝን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በማንም ካታሎግ ያልገባ መጽሐፍ፣ ተማሪ ያላፈራ አዋቂ፣ እርስ በርስ ብቻ የሚጠቃቀሱ ሰነዶች ራንታይሙ የሚጠርጋቸውን ነገሮች ይመስላሉ። ህልውናቸውን የሚያረጋግጥላቸው ከዛሬ ሰው የሚነሣ አንድ መንገድ ነው።

ራንታይሙ ራሱ ሲሞትስ? ይህን በዓይናችን አይተናል። ፍላሽ ፕሌየር ለብዙ ዓመታት በብራውዘር ውስጥ እየተቀመጠ የካርቱን ፊልሞችን፣ ጨዋታዎችንና የመማሪያ ሥራዎችን ሲያስኬድ ኖረ። አዶቢ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቆመ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ፕሌየሩ ይዘት እንዳያሳይ ታገደ። የደኅንነት ቀዳዳዎቹ ብዙ ስለነበሩ ውሳኔው ምክንያት ነበረው። የተሠሩት ሥራዎች ፋይሎች ግን በዚያ ቀን አልተሰረዙም። በየዲስኩ እንዳሉ ነበሩ፤ አንዲት ባይት አልጎደለችም። አንባቢያቸው ስለሄደ ብቻ ዝም አሉ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ራፍል የሚባል በፍላሽ ምትክ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፉ፤ ኢንተርኔት አርካይቭም በኖቬምበር 2020 በሱ አማካይነት የቆዩ የፍላሽ ሥራዎችን ዳግም ማስኬድ ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ያዳኑት ፋይሎቹን አልነበረም፤ ፋይሎቹ ነበሩ። ያዳኑት ፋይሎቹ የሚኖሩበትን ቦታ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሐዘን በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል። ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በየድርጅቱ ፎንት ላይ የተመሠረተ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ከፊሉ ለሌላ ተይዟል፤ የኛ ፊደል ደግሞ ከነዝርያዎቹ ከ200 በላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ በራሱ አሰላለፍ አስቀመጠ። ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ንጹሕ አማርኛ ነው። ፎንቱ በሌለበት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ይሆናል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አገኘ፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮም ኒያላ የሚባለው ፎንት ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጣ። ከዚያ በፊት የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ያልታተመ ልብ ወለድ ግን በየዲስኩ ቀርቷል። ፎንት በጥብቅ ትርጉሙ ራንታይም አይደለም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ጽሑፉ አለ፤ የሚነበብበት ቦታ የለም።

ፕሮግራሞች በራንታይም ላይ የመደገፋቸው ዋጋ በየቤቱ እኩል አይከፈልም። ብዙ ራንታይሞች የሚጫኑት ትንሽ ማስጀመሪያ ፋይል ወርዶ ቀሪውን ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው። ዊንዶውስ 10 ለቆዩ ፕሮግራሞች የሚያስፈልገውን ዶት ኔት 3.5 ሲጠየቅ በተለመደው መንገድ የሚያመጣው ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ነው። ሠሪው ይህን ሲወስን ኢንተርኔት ሁልጊዜ ያለበትን ቤት በልቡ ይዞ ነበር። ዳታ በፓኬጅ እየተገዛ በቁጠባ በሚያዝበት ቤት ግን ያው ፕሮግራም በሩ ላይ ይቆማል። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ሙሉ ጥቅሎቹን በፍላሽ ዲስክ ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ሥራ ሁሉ በውስጡ ይኖርበታል ተብሎ የታሰበውን ቤት ሥዕል ይዟል፤ ሥዕሉ ውስጥ የሌለ ቤት ሥራውን ለመቀበል ተጨማሪ ድካም ይከፍላል። ይህን የሠሪው ቸልተኝነት ብቻ ብለን መተው አይገባም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ራሱን የቻለ ሥራ የለም። ራስን መቻል የሚባል ነገር ካለ የተደገፉበትን አውቆ መያዝ ነው። ያወቀ ሰው ሲጎድል ምን እንደጎደለው ያውቃል፤ ያላወቀ ሰው ዕድሉን ይረግማል። ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር እላለሁ።

ኮምፒውተራችሁ ላይ ያሉትን እነዚያን ስሞች ስላላወቃችኋቸው ብቻ አታጥፏቸው፤ ከጎደሉም አንዲትን ዲኤልኤል ለብቻዋ ከማይታወቅ ድረ ገጽ አታምጡ፤ ሙሉ ጥቅሉን ከሠሪው ውሰዱ። ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሥራችሁ ምን እንደሚፈልግ በአማርኛ ጽፋችሁ፣ የሚፈልገውንም ያለ ኢንተርኔት በሚጫን መልክ አያይዛችሁ ስጡ፤ ተቀባዩ ቤት ምን እንዳለው አታውቁምና። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ በእጃችሁ ያለ ሁሉ ደግሞ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ገና ሳይቆም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፤ ኮምፒውተሩ ከቆመ በኋላ ፋይሉን መያዝ ብቻውን ጽሑፉን አያድነውም።